የአሲድና የቤዝ ሠርቶ ማሳያ

የአሲድና የቤዝ ሠርቶ ማሳያ ማለት የኬሚስትሪ መምህር በክፍል ውስጥ፣ በተማሪዎች ፊት፣ አሲድና ቤዝ በውሃ ውስጥ የሚያሳዩትን ጠባይ ሠርቶ የሚያሳይበት የማስተማሪያ ዘዴ ነው። ተማሪዎች ራሳቸው ከሚያከናውኑት ሙከራ የሚለየው ኬሚካሉን የሚይዘው መምህሩ ብቻ በመሆኑ ነው። ተማሪዎች ምን እንደሚሆን አስቀድመው ይገምታሉ፣ የሆነውን ያያሉ፣ ከዚያም ምክንያቱን ለማስረዳት ይሞክራሉ። የቤተ ሙከራ ዕቃ በማይበቃበት ወይም የተማሪ ቁጥር በበዛበት ክፍል ይህ ዘዴ ተመራጭ ነው።

ከእነዚህ ሠርቶ ማሳያዎች በብዛት የሚታወቀው የቀለም ለውጥ ነው። ነገር ግን ቀለም ስለ አሲድና ቤዝ ሁሉንም ነገር አይናገርም። የአንድ አሲድ ፒኤች፣ ጥንካሬና ጠቅላላ መጠን ሦስት የተለያዩ ነገሮች ሲሆኑ፣ እያንዳንዳቸውን ለማሳየት የተለየ ሠርቶ ማሳያ ያስፈልጋል።

መሠረታዊ ሐሳብ

አንድ ነገር በውሃ ውስጥ ሲሟሟ የሚገኘው ድብልቅ ሙሙት ይባላል። አሲድ በውሃ ሲሟሟ አዎንታዊ ሙል ያለው የሃይድሮጅን አዮን ይሰጣል። ይህ አዮን ብቻውን አይቆምም፤ ከውሃ ሞለኪውል ጋር ይጣበቃል። ቤዝ ደግሞ አሉታዊ ሙል ያለው የሃይድሮክሳይድ አዮን ይሰጣል፣ ወይም እንደ አሞኒያ ከውሃው የሃይድሮጅን አዮን በመውሰድ ሃይድሮክሳይድ እንዲፈጠር ያደርጋል። አዮኖቹ በዓይን ስለማይታዩ ሠርቶ ማሳያ መኖራቸውን በሌላ ምልክት ለማወቅ ይረዳል፤ በቀለም፣ በኤሌክትሪክ፣ በጋዝ ወይም በሙቀት።

ሦስቱ የሚምታቱ ነገሮች የሚከተሉት ናቸው፦

• ፒኤች፦ በሙሙቱ ውስጥ ነጻ ሆኖ የሚገኘው የሃይድሮጅን አዮን ክምችት መለኪያ ነው። በ25 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ፒኤች 7 ገለልተኛ ነው፤ ከ7 በታች አሲዳማ፣ ከ7 በላይ ቤዛማ ነው። ቁጥሩ በ1 ሲቀንስ የሃይድሮጅን አዮን ክምችት 10 እጥፍ ይጨምራል።
• ጥንካሬ፦ ከሟሟው አሲድ ወይም ቤዝ ምን ያህሉ ወደ አዮን እንደተለወጠ ያመለክታል።
• ጠቅላላ መጠን፦ ወደ አዮን የተለወጠውንም ያልተለወጠውንም ጨምሮ በሙሙቱ ውስጥ ያለው አሲድ ወይም ቤዝ በሙሉ ነው።

ለምሳሌ በአንድ ሊትር 0.1 ሞል የያዘ የሃይድሮክሎሪክ አሲድ ሙሙት ፒኤቹ 1 አካባቢ ነው። በአቼቶ ውስጥ የሚገኘው አሴቲክ አሲድ በተመሳሳይ ክምችት ሲዘጋጅ ፒኤቹ 2.9 ገደማ ይሆናል። ሃይድሮክሎሪክ አሲድ ጠንካራ ስለሆነ በሙሉ ማለት ይቻላል ወደ አዮን ይለወጣል፤ አሴቲክ አሲድ ግን ደካማ ስለሆነ ከ100 ሞለኪውሎች ውስጥ አንድ ያህሉ ብቻ ነው የሚለወጠው። ሁለቱ ሙሙቶች ግን የያዙት የአሲድ ጠቅላላ መጠን እኩል ነው።

ታሪክ

የአየርላንድ ተወላጅ የሆነው ሮበርት ቦይል እ.ኤ.አ. በ1664 ስለ ቀለማት ባሳተመው መጽሐፍ፣ ከቫዮሌት አበባ የተዘጋጀ ሽሮፕ በአሲድ ቀይ፣ በቤዝ ደግሞ አረንጓዴ እንደሚሆን ገልጿል። ይህም ቀለምን እንደ መለያ የመጠቀም ልማድ በኬሚስትሪ ውስጥ እንዲጸና ረድቷል።

በ18ኛው ክፍለ ዘመን ፈረንሳዊው አንቷን ላቯዚዬ አሲድን አሲድ የሚያደርገው ኦክስጅን ነው ብሎ ያምን ነበር። «ኦክስጅን» የሚለው ስም ራሱ ከግሪክኛ የተወሰደ ሲሆን ትርጉሙ «አሲድ ፈጣሪ» ማለት ነው። እንግሊዛዊው ሃምፍሪ ዴቪ ግን በ1810 ገደማ ሃይድሮክሎሪክ አሲድ ኦክስጅን እንደሌለው በማሳየቱ ይህ ሐሳብ ወደቀ። ዴቪ በለንደን ሮያል ኢንስቲትዩሽን ለሕዝብ በሚያቀርባቸው የኬሚስትሪ ሠርቶ ማሳያዎችም ይታወቅ ነበር። ረዳቱ የነበረው ማይክል ፋራዴይ በዚያው ተቋም በ1825 የተጀመረውን የገና ሰሞን ትምህርት በተለያዩ ዓመታት 19 ጊዜ አቅርቧል።

ስዊድናዊው ስቫንቴ አሬኒየስ በ1884 ባቀረበው የዶክትሬት ጽሑፍ አንዳንድ ነገሮች በውሃ ሲሟሟ ወደ አዮን እንደሚከፋፈሉ አስረዳ። ለዚህ ሥራው በ1903 የኖቤል ሽልማት አግኝቷል። ዴንማርካዊው ሶረን ሶረንሰን በ1909 በኮፐንሃገን የካርልስበርግ ቤተ ሙከራ ሲሠራ የፒኤችን መለኪያ አስተዋወቀ። በ1923 ዮሃንስ ብሮንስቴድ እና ቶማስ ሎውሪ፣ አንዱ ከሌላው ተለይተው፣ አሲድን የሃይድሮጅን አዮን ሰጪ፣ ቤዝን ደግሞ ተቀባይ አድርገው ተረጎሙ።

የቀለም ሠርቶ ማሳያ

ቀለሙ በፒኤች የሚለዋወጥ ነገር አመልካች ይባላል። አመልካቹ ራሱ ደካማ አሲድ ወይም ቤዝ ሲሆን፣ የሃይድሮጅን አዮን ሲይዝና ሲለቅ የተለያየ ቀለም ያሳያል። እያንዳንዱ አመልካች የሚለወጥበት የራሱ የፒኤች ክልል አለው፦

• ሜቲል ኦሬንጅ፦ ከ3.1 እስከ 4.4፤ ከቀይ ወደ ቢጫ
• ሊትመስ፦ ከ5 እስከ 8 ገደማ፤ ከቀይ ወደ ሰማያዊ
• ብሮሞታይሞል ብሉ፦ ከ6.0 እስከ 7.6፤ ከቢጫ ወደ ሰማያዊ
• ፊኖልፍታሊን፦ ከ8.2 እስከ 10 ገደማ፤ ቀለም ከሌለው ወደ ሮዝ

ስለዚህ ፊኖልፍታሊን ቀለም አላሳየም ማለት ሙሙቱ አሲድ ነው ማለት አይደለም። በንጹሕ ውሃም ሆነ ፒኤቹ 8 በሆነ ደካማ ቤዝ ውስጥ ቀለም አልባ ነው። ፒኤቹ ከ13 በላይ በሆነ ሙሙት ውስጥ ደግሞ ሮዙ ቀለም ቀስ በቀስ ተመልሶ ይጠፋል።

ከተፈጥሮ አመልካቾች ብዙ ጊዜ የሚመረጠው ቀይ ጥቅል ጎመን ነው። ጎመኑ ተከትፎ በፈላ ውሃ ከተዘፈዘፈ በኋላ ሐምራዊ ውሃው ይጠለላል። ውስጡ ያለው አንቶሳያኒን የተባለ ቀለም በጠንካራ አሲድ ቀይ፣ በገለልተኛ ሙሙት ሐምራዊ፣ በደካማ ቤዝ ሰማያዊ፣ ቤዙ ሲበረታ አረንጓዴ፣ በጣም ሲበረታ ደግሞ ቢጫ ይሆናል። አንድ አመልካች ይህን ያህል ቀለም ስለሚሰጥ ሙሙቶችን በፒኤች ቅደም ተከተል ለመደርደር ያገለግላል።

የትንፋሽ ሠርቶ ማሳያም የተለመደ ነው። ጥቂት ብሮሞታይሞል ብሉ የተጨመረበትና ሰማያዊ ቀለም ያለው ውሃ ውስጥ በመምጠጫ ቀስ ተብሎ ሲነፋ ውሃው አረንጓዴ፣ ቀጥሎም ቢጫ ይሆናል። በትንፋሽ ውስጥ ያለው ካርቦን ዳይኦክሳይድ በውሃ ሲሟሟ ካርቦኒክ አሲድ ስለሚፈጥር ነው። በዚሁ ምክንያት ለአየር የተጋለጠ የተጣራ ውሃ ፒኤች 7 ሳይሆን 5.6 አካባቢ ነው። የሚነፋው ሰው ውሃውን ወደ አፉ መሳብ የለበትም።

የአምፖል ሠርቶ ማሳያ

ቀለም ፒኤችን እንጂ ጥንካሬን ለይቶ አያሳይም። በጣም የተበረዘ ጠንካራ አሲድና ብዙም ያልተበረዘ ደካማ አሲድ አንድ ዓይነት ቀለም ሊሰጡ ይችላሉ። ጥንካሬን ለማሳየት እኩል ክምችት ያላቸው ሁለት አሲዶች ይዘጋጁና ከባትሪና ከትንሽ አምፖል ጋር የተያያዙ ሁለት የካርቦን ዘንጎች በየተራ ይነከሩባቸዋል። የኤሌክትሪክ ፍሰቱን የሚያሻግሩት አዮኖች ናቸው። በሃይድሮክሎሪክ አሲድ ውስጥ አምፖሉ ደምቆ ይበራል፤ በአሴቲክ አሲድ ውስጥ ግን ይደበዝዛል ወይም አይበራም። በተጣራ ውሃም አይበራም። በሙከራዎቹ መካከል ዘንጎቹ በተጣራ ውሃ መታጠብ አለባቸው።

የዚህ ሠርቶ ማሳያ ሌላው ዓይነት የሚከናወነው በባሪየም ሃይድሮክሳይድና በሰልፈሪክ አሲድ ነው። ዘንጎቹ በቤዙ ውስጥ እንደተነከሩ አምፖሉ በርቶ ይጀምራል። አሲዱ ጠብ ጠብ ሲደረግ የሃይድሮጅንና የሃይድሮክሳይድ አዮኖች ተገናኝተው ውሃ ይሆናሉ። የባሪየምና የሰልፌት አዮኖች ደግሞ በውሃ የማይሟሟ ነጭ ዝቃጭ ይሠራሉ። ሙሙቱ ውስጥ አዮን እያነሰ ሲሄድ መብራቱ ይደክማል፤ አሲዱና ቤዙ በተመጣጠኑበት ቅጽበት ይጠፋል። አሲድ መጨመሩ ሲቀጥል እንደገና ይበራል። የሟሟ ባሪየም መርዛማ ስለሆነ ዝቃጩና ሙሙቱ በመምህሩ እጅ ተይዞ ለብቻው መወገድ አለበት።

የፊኛ ሠርቶ ማሳያ

ሦስተኛውን ነገር፣ ጠቅላላ መጠንን፣ ለማሳየት ሁለት ፍላስክና ሁለት ፊኛ ይበቃል። በአንዱ ፍላስክ 20 ሚሊ ሊትር ሃይድሮክሎሪክ አሲድ፣ በሌላው 20 ሚሊ ሊትር አሴቲክ አሲድ ይጨመራል፤ ሁለቱም በሊትር 1 ሞል የያዙ ናቸው። በእያንዳንዱ ፊኛ ውስጥ 0.5 ግራም ማግኒዚየም ይደረግና ፊኛው በፍላስኩ አፍ ላይ ይጠለቃል። ፊኛዎቹ እኩል ቀና ሲደረጉ ማግኒዚየሙ ወደ አሲዱ ይወርድና ሃይድሮጅን ጋዝ መውጣት ይጀምራል።

በሃይድሮክሎሪክ አሲድ ላይ ያለው ፊኛ ወዲያው ይነፋል። የአሴቲክ አሲዱ በዝግታ ነው የሚነፋው። ብዙ ተማሪዎች በዚህ ጊዜ ደካማው አሲድ የሚሰጠው ጋዝ ትንሽ ነው ብለው ይደመድማሉ። ሆኖም በቂ ጊዜ ሲሰጠው ሁለተኛው ፊኛ ከመጀመሪያው ጋር ይመጣጠናል። በደካማው አሲድ ውስጥ ያሉት ጥቂት የሃይድሮጅን አዮኖች ሲያልቁ ያልተለወጡት ሞለኪውሎች አዳዲስ አዮኖችን ይተካሉ። ጥንካሬው የለወጠው ፍጥነቱን እንጂ የጋዙን ድምር አይደለም።

የሚወጣው ሃይድሮጅን 0.01 ሞል ሲሆን በባሕር ወለል ግፊት ወደ 240 ሚሊ ሊትር ነው። ከባሕር ወለል ከ2300 ሜትር በላይ በምትገኘው አዲስ አበባ የአየር ግፊቱ ዝቅ ስለሚል ያው ጋዝ ወደ 300 ሚሊ ሊትር ይሆናል። ሃይድሮጅን በቀላሉ ስለሚቀጣጠል በአካባቢው እሳት መኖር የለበትም።

ይኸው ነጥብ በቲትሬሽንም ይታያል። በሊትር 0.1 ሞል የያዘ 10 ሚሊ ሊትር ሃይድሮክሎሪክ አሲድም ሆነ አሴቲክ አሲድ፣ በፊኖልፍታሊን ሮዝ ለመሆን እኩል 10 ሚሊ ሊትር ሶዲየም ሃይድሮክሳይድ ይፈልጋል።

የአሲድና የቤዝ መገናኘት

አሲድና ቤዝ ሲገናኙ ውሃና ጨው ይፈጠራል፤ ይህ አጸግብሮት ኒውትራላይዜሽን ይባላል። ሙቀትም ያወጣል። በሊትር 1 ሞል የያዙ 50 ሚሊ ሊትር ሃይድሮክሎሪክ አሲድና 50 ሚሊ ሊትር ሶዲየም ሃይድሮክሳይድ በፕላስቲክ ኩባያ ሲቀላቀሉ የሙቀት መጠኑ ወደ 7 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ይጨምራል። ለጠንካራ አሲድና ለጠንካራ ቤዝ የሚለቀቀው ሙቀት በሞል 57 ኪሎ ጁል ያህል ነው። የአሲዱ ዓይነት ቢቀየርም ቁጥሩ ብዙ አይለወጥም፤ ምክንያቱም በሁሉም ዘንድ የሚካሄደው ለውጥ አንድ ነው፦ የሃይድሮጅን አዮንና የሃይድሮክሳይድ አዮን ተገናኝተው ውሃ ይሆናሉ።

ለጨጓራ አሲድ ማስታገሻነት የሚያገለግለው ነጭ የማግኒዚየም ሃይድሮክሳይድ ፈሳሽም ለሠርቶ ማሳያ ይውላል። ከአመልካች ጋር ተቀላቅሎ አሲድ ሲጨመርበት ወዲያው የአሲድ ቀለም ይይዛል፤ ትንሽ ቆይቶ ግን ወደ ቤዝ ቀለም ይመለሳል። አሲድ በተጨመረ ቁጥር ይኸው ይደጋገማል። ማግኒዚየም ሃይድሮክሳይድ በውሃ የሚሟሟው በጣም በትንሹ ስለሆነ፣ ያልሟሟው ዱቄት እየሟሟ አሲዱን ይከተለዋል። ዱቄቱ ሲያልቅ ቀለሙ ሳይመለስ ይቀራል።

የአሞኒያ ፏፏቴ

በዚህ ሠርቶ ማሳያ ክብ ፍላስክ በደረቅ የአሞኒያ ጋዝ ይሞላና ተገልብጦ ይታሰራል። ከአፉ የሚወርደው ቱቦ ፊኖልፍታሊን ያለበት የውሃ ዕቃ ውስጥ ይገባል። በመርፌ ጥቂት ውሃ ወደ ፍላስኩ ሲገፋ አሞኒያው በፍጥነት ይሟሟል፤ በ20 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አንድ ሊትር ውሃ ወደ 700 ሊትር አሞኒያ ሊያሟሟ ይችላል። በፍላስኩ ውስጥ ግፊቱ ስለሚወርድ የውጩ አየር ውሃውን ወደ ላይ ይገፋዋል። ወደ ላይ የሚረጨው ውሃ ከአሞኒያው ጋር ሲገናኝ ሮዝ ይሆናል። ፍላስኩ ስንጥቅ ሊኖረው አይገባም፤ ጠፍጣፋ መቀመጫ ያለው ፍላስክም በግፊቱ ሊሰበር ስለሚችል አይፈቀድም። አሞኒያ የመተንፈሻ አካልን ስለሚጎዳ ዝግጅቱ አየር በደንብ በሚዘዋወርበት ቦታ ይከናወናል።

ከወጥ ቤት የሚገኙ ነገሮች

ብዙ የቀለም ሠርቶ ማሳያዎች የተገዛ ኬሚካል አይጠይቁም። በኢትዮጵያ ወጥ ቤት በቀላሉ ከሚገኙት አሲዶች ሎሚና አቼቶ ይጠቀሳሉ፤ የሁለቱም ፒኤች ከ2 እስከ 3 ባለው ክልል ነው። የቦካ የጤፍ ሊጥም አሲዳማ ሲሆን ፒኤቹ 4 አካባቢ ነው። ቤኪንግ ሶዳ ደካማ ቤዝ ነው። የአመድ ውሃ ፖታሲየም ካርቦኔት ስላለው ከቤኪንግ ሶዳ የበለጠ ቤዛማ ነው።

እርድ ጥሩ የቤዝ አመልካች ነው። በአሲድና በገለልተኛ ሙሙት ቢጫ ሲሆን በቤዝ ቀይ ቡናማ ይሆናል። እርድ ያለበት አልጫ ወጥ የነካው ነጭ ልብስ በሳሙና ሲታጠብ ነጠብጣቡ የሚቀላው ለዚህ ነው፤ ሎሚ ሲነካው ተመልሶ ቢጫ ይሆናል። ነገር ግን እርድ አሲድን ከንጹሕ ውሃ አይለይም።

ከርከዴም አንቶሳያኒን ስላለው ቀለሙን ይለውጣል። ሆኖም የከርከዴ ሻይ ራሱ አሲዳማ ስለሆነ፣ በብዛት ከተጨመረ የሚፈተነውን ደካማ ቤዝ አሲዳማ ሊያደርገውና የተሳሳተ ውጤት ሊሰጥ ይችላል። ጥቂት ጠብታ ብቻ መጠቀም ይገባል።

የተለመዱ የተሳሳቱ ግንዛቤዎች

• «ደካማ አሲድ ጉዳት አያደርስም።» ደካማ ማለት ጥቂቱ ብቻ ወደ አዮን ይለወጣል ማለት እንጂ አያቃጥልም ማለት አይደለም። ያልተበረዘ አሴቲክ አሲድ ቆዳን ክፉኛ ያቃጥላል።
• «የተበረዘ አሲድ ደካማ ነው።» ውሃ የተጨመረበት ሃይድሮክሎሪክ አሲድ ክምችቱ ይቀንሳል እንጂ ጠንካራ አሲድነቱ አይለወጥም።
• «ቤዝ ከአሲድ የተሻለ አደጋ የለውም።» ጠንካራ ቤዝ በተለይ ለዓይን ከአሲድ ይልቅ አደገኛ ሊሆን ይችላል፤ ወደ ውስጥ ዘልቆ ስለሚገባ።
• «ኒውትራላይዜሽን ሁልጊዜ ፒኤች 7 ይሰጣል።» አሴቲክ አሲድና ሶዲየም ሃይድሮክሳይድ በትክክል ሲመጣጠኑ ሙሙቱ ትንሽ ቤዛማ ይሆናል።
• «ፒኤች ከ0 በታች አይወርድም።» በአፋር ክልል በዳሎል በሚገኙ አንዳንድ ኩሬዎች ከ0 በታች የሆነ ፒኤች ተለክቷል።

ጥንቃቄ

መምህሩም ሆነ ፊት ለፊት ያሉ ተማሪዎች የዓይን መከላከያ መነጽር ማድረግ አለባቸው። ያልተበረዘ አሲድ ሲበረዝ አሲዱ ቀስ እየተባለ ወደ ውሃው ይጨመራል እንጂ ውሃው ወደ አሲዱ አይጨመርም። በተለይ ሰልፈሪክ አሲድ ከውሃ ጋር ሲገናኝ ብዙ ሙቀት ስለሚያወጣ፣ በላዩ የፈሰሰ ውሃ ወዲያው ፈልቶ አሲዱን ሊረጨው ይችላል። ለአምፖሉ ሠርቶ ማሳያ የግድግዳ ሶኬት ሳይሆን ባትሪ መጠቀም ይገባል። ለሠርቶ ማሳያ የዋለ ነገር፣ ከወጥ ቤት የመጣ ቢሆንም፣ አይቀመስም።

አሲድ ወይም ቤዝ ዓይን ውስጥ ከገባ ወዲያውኑ በንጹሕ ውሃ ቢያንስ ለ15 ደቂቃ ማጠብና ወደ ሕክምና መሄድ ያስፈልጋል። ቆዳ ላይ የፈሰሰን አሲድ በቤዝ፣ ወይም ቤዝን በአሲድ ለማርከስ መሞከር ስሕተት ነው፤ ኒውትራላይዜሽን ራሱ ሙቀት ስለሚያወጣ ቃጠሎውን ሊያብሰው ይችላል። በብዙ ውሃ ማጠብ ይቀድማል።

በረኪና ቤዛማ ቢሆንም ከአሲድ ጋር ለሚደረግ ሠርቶ ማሳያ ፈጽሞ አይውልም። ከአቼቶ፣ ከሎሚ ወይም አሲድ ካለበት የመጸዳጃ ቤት ማጽጃ ጋር ሲቀላቀል መርዛማ የክሎሪን ጋዝ ያወጣል። ይህ አደጋ በክፍል ብቻ ሳይሆን ቤት ሲጸዳም ሊደርስ ይችላል።